ውሃው ተጣራ፤ ደመወዙስ?
(ስለ ንግድ ድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት የቀረበ ሒስ)

በንግድ ሥራ ትምህርት ክፍል ውስጥ ከምንማራቸው ትምህርቶች አንዱ የንግድ ድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለው ነው። ትምህርቱ በጠቅላላው ሲታይ ለጆሮ የሚጥም ነው። አንድ ድርጅት ትርፍ ከማግኘቱ ሌላ ለሠራተኞቹ፣ ለሚኖርበት አገርና ለአካባቢው ተፈጥሮ ማሰብ አለበት ይላል። ይህን ዐሳብ የሚቃወም ሰው በመካከላችን ይገኛል ብለን አንገምትም። ነገር ግን ማንም የማይቃወመው ዐሳብ ብዙ ጊዜ ማንንም የማያስገድድ ዐሳብ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ትምህርቱን በራሳችን ከተማ በሐዋሳ ከሆነው ነገር ጋራ እያስተያየን ልንመረምረው እንሞክራለን።

ጉዳዩ ለእኛ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የምንኖር ተማሪዎች ጧት ወደ ትምህርታችን ስንወጣ የፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልሱት አውቶቡሶች በመንገድ ላይ ያጋጥሙናል። በውስጣቸው ከተቀመጡት ልጃገረዶች ጥቂቶቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከእኛ ጋራ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተማሩ ናቸው። እኛ ፈተናውን አልፈን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ስንገባ እነርሱ ወደ ስፌት መኪናው ሄዱ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ እኛም ዲግሪያችንን ይዘን ወደዚያው ግቢ የሂሳብ ሹም ወይም የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ሆነን ልንገባ እንችላለን። እንግዲህ ዛሬ የምንማረው ትምህርት ነገ በእነርሱ ላይ የምንሠራበት መሣሪያ ነው ማለት ነው። መሣሪያውን ከመያዝ በፊት ስለቱን መመርመር ተገቢ ይመስለናል።

፩ ፤ ትምህርቱ ከየት እንደ መጣ

ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚለው አነጋገር በንግድ ትምህርት ውስጥ ሥር የሰደደው በአሜሪካ ነው። ሀዋርድ ቦወን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ የትልልቅ ድርጅቶች መሪዎች የሚወስኑት ውሳኔ የብዙ ሰው ኑሮ የሚነካ ስለ ሆነ፣ ውሳኔያቸው ከኅብረተሰቡ ዓላማ ጋራ የተስማማ እንዲሆን ያስፈልጋል ብሎ አስተማረ። ከዚህ በኋላ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1970 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ የታወቀውን ተቃውሞውን ጻፈ። የእርሱ ዐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሥራ አስኪያጅ የባለ አክሲዮኖች ተቀጣሪ ነው፤ የእነርሱን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ቢያወጣ ቸርነቱ በሰው ኪስ ነው፤ ስለዚህ የንግድ ድርጅት ኃላፊነት የጨዋታውን ሕግ ጠብቆ ትርፉን ማብዛት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ሊቀ መንበርነት የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ዘላቂ ልማት የሚለውን ቃል ለዓለም አስተዋወቀ። ትርጓሜውም የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የሚመጣው ትውልድ ፍላጎቱን የሚያሟላበትን መንገድ እንዳይዘጋበት መጠንቀቅ ነው። ይህንኑ ወደ ነጋዴው መዝገብ ያገባው እንግሊዛዊው ጆን ኤልኪንግተን ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1994 እያንዳንዱ ድርጅት አንድ ሳይሆን ሦስት ሂሳብ እንዲይዝ፣ ይኸውም የትርፍ፣ የሰውና የተፈጥሮ ሂሳብ እንዲይዝ ዐሳብ አቀረበ።

በክፍል ውስጥ ይህ የሦስት ሂሳብ ትምህርት የመጨረሻው እውነት ሆኖ ሲሰጠን፣ አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። ኤልኪንግተን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፋብሪካ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ከገበያ እንደሚሰበስብ ሁሉ፣ እርሱም ይህን ዐሳቡን ለምርመራ መልሶ መጥራቱን አስታውቋል። ምክንያቱም ዐሳቡ የንግድን አሠራር ከሥሩ እንዲለውጥ ታስቦ ሳለ ድርጅቶች አንዱን ሂሳብ በሌላው የሚያቻችሉበት የሂሳብ መሣሪያ አድርገውት ስለ ተገኘ ነው። ባለቤቱ ለምርመራ የጠራውን ዕቃ እኛ ያለ ምርመራ ልንገዛው አይገባንም።

፪ ፤ የተጣራው ውሃ

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ሥራውን የሠራው የቻይና ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ ግንባታው የፈጀው ጊዜ ዘጠኝ ወር ያህል ነው። 52 ሼዶች ያሉት ይህ ግቢ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ለ60,000 ሰው ሥራ ይሰጣል ተብሎ ታቅዶ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ዋና እንግዶች አንዱ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት የልብስ ምልክቶች ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒ.ቪ.ኤች. ኩባንያ ነበር።

ከግቢው ሥራ ሁሉ በጣም የተመሰገነው የፍሳሽ ማጣሪያው ነው። አርቪንድ ኤንቪሶል የተባለው የሕንድ ኩባንያ የተከለው ይህ ማጣሪያ በቀን 11,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተሠራ ነው። የጨርቅ ማቅለሚያውና የእጥበቱ ውሃ ከተጣራ በኋላ አብዛኛው ተመልሶ ለሥራ ይውላል፤ ጨውና ዝቃጩም ለብቻው ይቀራል፤ ወደ ውጭ የሚለቀቅ የፋብሪካ ፍሳሽ እንዳይኖር የታሰበ አሠራር ነው።

ይህ ሥራ ምስጋና የሚገባው መሆኑን የሐዋሳን ሐይቅ ጠባይ የሚያውቅ ሰው አይክድም። ሐይቃችን በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። ወደ ሐይቁ የገባ ነገር ሁሉ፣ ውሃው በፀሐይ ተንኖ ሲሄድ፣ እዚያው ይቀራል። በጥቁር ውሃ መንገድ ላይ የነበረው የጨለለቃ ረግረግም ቀድሞ የሚመጣውን ደለልና ቆሻሻ እንደ ወንፊት ይይዝ ነበር፤ አሁን ግን አብዛኛው ደርቆ የግጦሽና የእርሻ መሬት ሆኗል። ከዚህ ቀደም ከተማው ውስጥ ከተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ በውሃ ውስጥ ባሉ ፍጥረታት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የዩኒቨርሲቲያችን የሐይቅ ሳይንስ ሊቃውንት መርምረው ጽፈዋል። በአሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ የሚሸጠው ዓሣ አጥማጅ፣ ከዚያም ዓሣውን የምንበላው እኛ፣ ሁላችንም የዚህ መውጫ የሌለው ጎድጓዳ ሳሕን ተጋሪዎች ነን።

እንግዲህ ማጣሪያው ለምን ተሠራ ብለን እንጠይቅ። በባለ ሀብቶቹ ቸርነት ብቻ አይደለም። አገራችን በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ንና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ን አውጥታለች። ከዚያም በፊት በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። ገዢዎቹም በባሕር ማዶ ስለ ውሃ ብክለት ብዙ ይጠየቁ ነበር። ውሃ ደግሞ ይለካል፤ ቀለሙ በዓይን ይታያል፤ ጨዉ በመሣሪያ ይመዘናል። ለካ ሕግ፣ መለኪያና ጠያቂ በአንድነት ሲገኙ ኃላፊነት የተባለው ነገር የኮንክሪትና የብረት መልክ ይዞ ይቆማል። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ቀጥለን የምንናገረው እነዚህ ሦስቱ ባልተገኙበት ቦታ ስለ ሆነው ነገር ነውና።

፫ ፤ ያልተለካው ደመወዝ

በግንቦት 2011 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ንግድ ትምህርት ቤት የንግድና የሰብአዊ መብት ማዕከል ስለ ሐዋሳው ፓርክ አንድ ዘገባ አወጣ። ዘገባውን የጻፉት ፖል ባሬትና ዶሮቴ ባውማን ፓውሊ ናቸው። በዚያ ጊዜ በግቢው 25,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩ። የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 የአሜሪካ ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ያህል ሆኖ ተገኘ። ዘገባው ከሌሎች አገሮች ጋራ ሲያስተያይ የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207፣ የቻይና 326 ዶላር መሆኑን ያመለክታል። በዓለም ላይ ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ የእኛ ዝቅተኛው ነበር ማለት ነው።

750 ብር በሐዋሳ ምን እንደሚገዛ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። ከገጠር የመጣች ልጅ በመጀመሪያ ቤት መከራየት አለባት። ግቢው ሲሠራ ለማሽኖቹ ሼድ፣ ለፍሳሹም ማጣሪያ ተዘጋጅቷል፤ ለ60,000 ሰው የሚበቃ መኖሪያ ግን አልተዘጋጀም፤ ይህ ለከተማው ቤት አከራዮች ተተወ። በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባሉት ግቢዎች ሦስትና አራት ሆነው በአንዲት ክፍል የሚያድሩ ሠራተኞች መኖራቸውን እኛው ጎረቤቶቻቸው እናውቃለን። አንዷ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ ሌላይቱ ከፍራሹ ተነሥታ ወደ አውቶቡሱ ትሄዳለች። ከወር እስከ ወር የሚደርሰው ገንዘብ ከእጅ ወደ አፍ ከመሆን አያልፍም፤ ወደ ቤተሰብ እልካለሁ ብሎ የተነሣው ዐሳብም ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ከቤተሰብ በቆሎና ቆጮ በማስመጣት ይፈጸማል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ይኸው ዘገባ እንደሚለው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ የሠራተኞቻቸውን ቁጥር ያህል ሰው እንደ አዲስ ይቀጥሩ ነበር። ይህ በሐዋሳ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ከጠየቁ ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ ሥራውን ያገኙትንና ያላገኙትን አስተያይተው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራውን ካገኙት ውስጥ አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው እንደ ለቀቁ፣ ሥራውም በጤናቸው ላይ አደጋ እንዳስከተለ ገልጸዋል።

እዚህ ላይ የሦስት ሂሳብ ትምህርት ጉድለት በግልጥ ይታያል። በተፈጥሮ ሂሳብ ገጽ ላይ በቀን 11,000 ሜትር ኩብ ተብሎ ይጻፋል። በሰው ሂሳብ ገጽ ላይ ግን 25,000 ሰው ሥራ አገኘ ተብሎ ይጻፍና፣ በዚያው ዓመት ስንቱ እንደ ለቀቀ፣ በስንት ብር እንደ ተከራየ፣ ስንቴ ምሳውን ሳይበላ እንደ ዋለ ሳይጻፍ ይቀራል። ውሃው ሲገባና ሲወጣ ይለካል፤ ሰው ግን ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይቆጠርም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ከአዝሙድና ከከሙን ዐሥራት እያወጡ ዋናውን ነገር ስለ ተዉ ሰዎች የተማርነው ምሳሌ በዚህ ቦታ ትዝ አለን።

፬ ፤ የወንጂ ትዝታ

ይህ ሁኔታ በአገራችን የመጀመሪያው ነው እንዳይባል ወደ ኋላ ተመልሰን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ወጥቶ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ የወንጂም ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ። ኩባንያው ለሠራተኞቹ መንደር ሠራ፤ ትምህርት ቤትና ሆስፒታልም አቋቋመ። በዚያ ዘመን ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚለው አነጋገር በእኛ አገር ባይታወቅም ሥራው ግን በተግባር ይታይ ነበር ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን በዚያ በስምጥ ሸለቆ ከመሬት ሥር የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የሚበዛበት ነው። ሠራተኞቹና ልጆቻቸው ለብዙ ዓመታት ያንኑ የጉድጓድ ውሃ ጠጡ። የልጆቹ ጥርስ በለዘ፤ ለረጅም ዘመን በእርሻው ላይ የሠሩት ሰዎች ደግሞ አከርካሪያቸውና መገጣጠሚያቸው እየደረቀ ጎንበስ ብለው ለመነሣት የማይችሉ ሆኑ። ይህን በሽታ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ጓደኞቻቸው በስምጥ ሸለቆ ባደረጉት ምርመራ በሰፊው ገልጸውታል። የፍሎራይድ ማጣሪያም በመንደሮቹ ተተክሎ ነበር፤ ለብዙዎች ግን ጉዳቱ አስቀድሞ በአጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ሲወረስ ኩባንያው ሄደ፤ የደረቀው አከርካሪ ግን ከባለቤቱ ጋራ ቀረ።

ሁለቱን ምሳሌዎች ጎን ለጎን ብናቆማቸው ትምህርት ይሰጡናል። በወንጂ ቤቱ ተሰጠ፤ ውሃው ጎዳ። በሐዋሳ ውሃው ተጣራ፤ ቤቱና ደመወዙ ተረሳ። በሁለቱም ቦታ የተመሰገነው ነገር እውነተኛ ነበር፤ በሁለቱም ቦታ ግን ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚቀር የወሰነው ሰጪው እንጂ ተቀባዩ አልነበረም። እንደ እኛ አስተያየት የዚህ ትምህርት ዋና ሕመም እዚህ ላይ ነው። ኃላፊነት የሚባለው ነገር ተጠያቂው ራሱ ጥያቄውን መርጦ የሚመልስበት ፈተና ሆኗል። እኛ ተማሪዎች በእንዲህ ዓይነት ፈተና ብንፈተን ሁላችንም መቶ ከመቶ እናገኝ ነበር።

፭ ፤ ስለ ምስክር ወረቀት

ለዚህስ መርማሪዎች አሉ፤ ድርጅቶቹ በውጭ ሰው ተመርምረው የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን መርማሪው የሚከፈለው ከሚመረመረው ድርጅት መሆኑን መርሳት አይገባም። በፓኪስታን በካራቺ ከተማ ዓሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው የልብስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ሲቃጠል ከ250 ሰዎች በላይ ሞቱ። ይህ ፋብሪካ እሳቱ ከመነሣቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ስለ ሠራተኛ አያያዝ በዓለም የታወቀውን የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር። ወረቀቱ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ነበሩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ወረቀት ይመስላል።

በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ወር በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሲሞቱ ነገሩ ተለወጠ። ብዙ የአውሮፓ የልብስ ኩባንያዎች ከዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ጋራ ስምምነት ተፈራረሙ። ይህ ስምምነት ከቀደሙት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ የገቡበትን ቃል ያላከበሩ ኩባንያዎች በግልግል ዳኝነት ሊጠየቁ ይችላሉ። ከዚህ በኋላ የብዙ ፋብሪካዎች ምሰሶና የእሳት መውጫ ተመርምሮ ታደሰ። ልዩነቱ የኩባንያዎቹ ልብ መለወጥ አይደለም፤ በፈቃድ የነበረው ነገር ዕዳ መሆኑ ነው።

፮ ፤ ሊቀርቡብን ስለሚችሉ መቃወሚያዎች

አንደኛ፣ ደመወዙ ዝቅ ባይል ኖሮ ፋብሪካዎቹ ወደ እኛ አይመጡም ነበር ይባላል። ይህ መቃወሚያ ቀላል አይደለም። አገራችን ከባሕር የራቀች ናት፤ መብራት ይጠፋል፤ ጨርቁና ክሩ ከውጭ ይመጣል፤ ሠራተኛውም ለፋብሪካ ሥራ አዲስ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ ሠራተኞቹን ሁሉ የሚለውጥ ፋብሪካ በየዓመቱ ሁሉንም እንደ አዲስ ያሠለጥናል። ዛሬ እጅጌ መስፋት የተማረችው ልጅ እጇ ሲፈታ ትለቃለች። እንግዲህ ርካሽ የተባለው ደመወዝ በሌላ መዝገብ ላይ ሲታይ ውድ ነው። ውድነቱ ያልታየው የልጆቹ መልቀቅ በሂሳቡ ውስጥ ስላልገባ ነው።

ሁለተኛ፣ ማንም አላስገደዳቸውም፤ ወድደው ገቡ ይባላል። ወድደው መግባታቸው እውነት ነው። ወድደው መውጣታቸውም እውነት ነው። ሲገቡ የሰጡትን ድምፅ እንደ ምስክርነት የሚቆጥር ሰው ሲወጡ የሰጡትንም ድምፅ ሊቆጥር ይገባዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው መቃወሚያ ከቅርብ ዓመታት ታሪካችን የሚነሣ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ያለ ቀረጥ ከሚያስገቡት አገሮች መዝገብ እንደሚያስወጣት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አስታወቀ፤ ውሳኔውም በታኅሣሥ ወር ጸና። በኅዳር ወር ፒ.ቪ.ኤች. በሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። ሌሎችም ሥራቸውን ቀነሱ። ታዲያ ከፖለቲካ የመጣውን ነገር በድርጅቶች ላይ ማላከክ ይገባል ወይ?

ማላከክስ አይገባም። ጦርነቱን የጀመረው ስፌት ፋብሪካ አይደለም። ነገር ግን ይህ ሁኔታ የትምህርቱን ሌላ ጉድለት ገልጦልናል። ዘላቂነት የሚለው ቃል ሲነገር የሚታሰበው የውሃው፣ የመብራቱና የጥሬ ዕቃው ዘላቂነት ነው፤ የሥራው ዘላቂነት በቃሉ ውስጥ አይገኝም። ሦስቱ ሂሳቦች የሚያዙት ድርጅቱ እስካለ ድረስ ነው፤ ድርጅቱ በሄደ ማግሥት መዝገቡ ይዘጋል። ማጣሪያው ተተክሎ ቀረ፤ ቤት አከራዩም ተከራዩን አጣ፤ ልጅቱም ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ ሄደች። የሚመጣው ትውልድ ተብሎ በትርጓሜው የተነገረለት፣ ገና ያልተወለደው ትውልድ ብቻ ነው ወይስ በሚቀጥለው ወር ኪራይ የምትከፍለውንም ልጅ ይጨምራል? እኛ ይጨምራል ባዮች ነን።

፯ ፤ ታዲያ ምን ይደረግ?

ሒስ አፍርሶ መሄድ ብቻ እንዳይሆን የሚታየንን በጥቂቱ እንናገር።

በመጀመሪያ፣ ለመልሱ ወደ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልገንም። ሁላችንም ያደግነው በእድር መካከል ነው። ሰው ወደ እድር የሚገባው በፈቃዱ ነው፤ ማንም አያስገድደውም። ከገባ በኋላ ግን ወርኃዊ መዋጮው በመዝገብ የተጻፈ ዕዳው ነው። ከለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ሀብታሙም ድኻውም እኩል ይቀብራል፤ እኩልም ይቀበራል። ሀብታሙ ድንኳን በመግዛቱ ከመዋጮው አይማርም። በእድር ደንብ ስጦታና ዕዳ አይደባለቁም። የእኛ ሐተታ ሁሉ ተጠቃልሎ ሲታይ ከዚህ የተለየ ነገር አይልም፤ ድርጅት ለትምህርት ቤት ወንበር ቢሰጥ፣ ችግኝም ቢተክል ይመሰገናል፤ ነገር ግን ይህ ስጦታ ነው። ደመወዝ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታና በሥርዓት መሰናበት ግን መዋጮ ናቸው። ስጦታው መዋጮውን አይተካም።

ሁለተኛ፣ ፍሪድማን የጨዋታው ሕግ ይጠበቅ ሲል ሕጉ አስቀድሞ እንዳለ አድርጎ ነው። በደመወዝ ጉዳይ የእኛ ሕግ ለረጅም ጊዜ ዝምተኛ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መንግሥት፣ ሠራተኛና አሠሪ የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ አነስተኛውን የደመወዝ ወለል እያጠና እንዲወሰን አዝዟል። ይህ አንቀጽ በወረቀት ላይ የሚኖር ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቅ ሥራ አለ፤ ይኸውም የቤት ኪራይ፣ የእህልና የመጓጓዣ ዋጋ በየሰፈሩ በጥንቃቄ እየመዘገቡ ለቦርዱ የሚጠቅም ጥናት ማዘጋጀት ነው። ውሃው የተጣራው ስለ ተለካ ነው ብለናል። ኑሮንም መለካት እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ለባለ ሀብት መሬት፣ ሼድና የቀረጥ ነፃነት ሲሰጥ በውሉ ውስጥ ስለ መምጣት ብቻ ሳይሆን ስለ መሄድም ይጻፍ። በስንት ወር ማስታወቂያ እንደሚሄድ፣ ለሠራተኛው ምን እንደሚከፍል፣ ገንዘቡም አስቀድሞ የት እንደሚቀመጥ ይወሰን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር እንዲደራጁ መብት ሰጥቷቸዋል፤ ይህን መብት በሥራ የሚያውሉ ሠራተኞች ከማናቸውም የውጭ መርማሪ ይልቅ የግቢውን ጉድለት ያውቃሉ፤ የሚከፈላቸውም ከመርማሪው ያነሰ ነው።

በመጨረሻም ስለ ራሳችን አንድ ቃል እንበል። ከመካከላችን ብዙዎቹ የድርጅቶችን ዓመታዊ ዘገባ የሚጽፉ ሰዎች ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ ስለ ማጣሪያው አንድ ገጽ፣ ስለ ተተከለው ችግኝ ሌላ ገጽ፣ ፎቶግራፍም ጨምረን እንድንጽፍ እንታዘዛለን፤ እንጽፋለንም። ነገር ግን በዚያው ዘገባ ውስጥ በዓመቱ ስንት ሠራተኛ እንደ ለቀቀና የመነሻው ደመወዝ ስንት ወር የቤት ኪራይ እንደሚከፍል የሚያሳዩ ሁለት መሥመሮች እንዲገቡ መጠየቅ በሥልጣናችን ውስጥ ይሆናል። ሁለት መሥመር ብዙ አይደለም። ያን ቀን አለቃችን ለምን ብሎ ቢጠይቀን፣ ከእኛ ጋራ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው የተማሩ ልጆች በአውቶቡሱ ውስጥ እንደ ነበሩ ብንነግረው በቂ ምክንያት ይመስለናል።